ፖስትግሬስ፦ ጎበዝ ዳታቤዝ ነው፣ ችግሩ አለቃው ሰው ቤት ሲሄድ ነው

ስለ ፖስትግሬስ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ፍጥነቱ ነው። በሰከንድ ስንት ጥያቄ ይመልሳል፣ ጄሰን የሚባለውን የዳታ አጻጻፍ ይይዛል ወይ፣ ከሌላው ዳታቤዝ ከማይኤስኪውኤል ይሻላል ወይ። እኔ ከ9.6 ቨርዥን ጊዜ ጀምሮ እንጀራዬ ነው። በፍጥነቱ ቅሬታ የለኝም። ዋጋውም ዜሮ ብር ነው፣ ለላይሰንስ ዶላር ፍለጋ ከባንክ ባንክ አያዞርም። ዛሬ የማወራው ስለ ሌላ ነገሩ ነው። ትንሽ ሥልጣን የተሰጠው ሰው እዚያ ውስጥ ራሱን ማሳደግ ይችላል ወይ? ሪፖርት ብቻ እንዲያነብ የተፈቀደለት ዩዘር አንድ ቀን ጠዋት የቤቱ ጌታ ሆኖ ሊገኝ ይችላል ወይ? የሙያው ሰዎች ፕሪቪሌጅ ኤስካሌሽን ይሉታል። እኔ ሹመት መስረቅ እለዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ስሙ ይቅር። "ዳታቤዙ ዘገየብን" ብለው ጠሩኝ። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር ነው ያለው፣ ዩፒኤሱ በየደቂቃው ጢጥ ይላል፣ ማንም የሚሰማው የለም። ፒኤስኪውኤል የሚባለውን የፖስትግሬስ ትዕዛዝ መስጫ ከፍቼ ዩዘሮቹን የምታሳየዋን ትዕዛዝ፣ ያቺን ባክስላሽ ዲ ዩ፣ መታሁ። ስምንት ዩዘር ወጣ። ሦስቱ ሱፐርዩዘር ናቸው፣ ሁሉን ማድረግ የሚችሉ። አንደኛው የአፕሊኬሽኑ ነው፣ ሌላኛው ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ልጅ ነው። የዘገየው ነገር አንድ ኢንዴክስ (ዳታን ቶሎ የሚያስገኝ ማውጫ) ነበር፣ በአሥር ደቂቃ አለቀ። እኔ ግን ዓይኔ እዚያች ዝርዝር ላይ ቀረ።

ከሱፐርዩዘሮቹ ይልቅ የገረመኝ ግን ከታች ያለችው ሚስኪን ዩዘር ናት። የውጭ ድርጅት ሪፖርት እንዲያወጣላቸው የሰጡት ነው። ማንበብ ብቻ። ኃላፊው ልጅ በኩራት "እሱ እንኳን ምንም ማድረግ አይችልም፣ ሰሌክት ብቻ ነው" አለኝ። ቨርዥኑ 13 ነው። እኔም "እስቲ በኮፒው ላይ እንሞክር" አልኩት።

የዳታቤዙን ቅጂ በላፕቶፔ ላይ አነሳን። ማታ ማታ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ክሮን በሚባለው የሰዓት አስነሺ የሚነሳ የጽዳት ስክሪፕት አላቸው፤ የደንበኞችን ኢሜይል ወደ ትንንሽ ፊደል ይቀይራል። ስክሪፕቱ የሚሠራው በሱፐርዩዘሩ በራሱ ስም ነው። ውስጡ ላወር የምትባለውን ፋንክሽን (ፊደል የምታሳንስ ትንሽ ፕሮግራም) ይጠራል፣ ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ የምንጠራትን። እኔ በሪፖርት ዩዘሩ ገባሁና ፐብሊክ በሚባለው ስኪማ (የዳታቤዙ የጋራ ክፍል) ውስጥ ላወር የምትባል ሌላ ፋንክሽን ፈጠርኩ። ሥራዋን በትክክል ትሠራለች፣ ፊደሉን ታሳንሳለች። በመሃል ግን አንዲት መስመር ጨምሬባታለሁ፦ ሪፖርት ዩዘሩን ሱፐርዩዘር አድርጊ የምትል። ከዚያ ስክሪፕቱን በእጃችን አስነሳን። ኢሜይሎቹ ተስተካከሉ። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ምንም የለም። ባክስላሽ ዲ ዩ ስንል ያቺ ሚስኪን ዩዘር ሱፐርዩዘር ሆናለች። ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ "ይሄማ ቫይረስ ነው" አለ።

ቫይረስ አይደለም። ፖስትግሬስ ያደረገው ልክ እንዲያደርግ የተጻፈለትን ነው። አንድን ስም ሲያገኝ መጀመሪያ የራሱን ካታሎግ፣ አብረውት የመጡትን ነገሮች ዝርዝር፣ ያያል፣ ቀጥሎ ፐብሊክን። የራሱ ላወር የምትቀበለው ቴክስት የሚባለውን የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ኢሜይሉ ያለበት የቴብሉ ዓምድ ግን ቫርቻር የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። የእኔዋ ላወር ቫርቻር ነው የምትቀበለው። ስለዚህ "ይቺ ልክ ገጠመችልኝ" ብሎ የእኔዋን መረጠ። የመረጣትን ደግሞ በጠራት ሰው ሥልጣን ነው የሚያሠራት። የጠራት ሱፐርዩዘሩ ነው። አለቀ።

ይህ ቀዳዳ ስም አለው፤ ሲቪኢ-2018-1058 ይባላል (ሲቪኢ የታወቁ የደኅንነት ቀዳዳዎች መለያ ቁጥር ነው)፣ መጋቢት 1 ቀን 2018 እንደ ፈረንጆቹ ነው የወጣው። የዚያን ዕለት የወጣው 10.3 ቨርዥን ፒጂ ደምፕን (ባክአፕ መውሰጃውን) እና መሰሎቹን የራሳቸውን መሣሪያዎች አስተካከለ። እኔና አንተ የጻፍነውን ስክሪፕት ግን ማን ያስተካክልልናል? እነሱ ያሉት "በፐብሊክ ውስጥ ሁሉም ሰው ነገር እንዳይፈጥር ከልክሉ" ነው። መከልከያዋ አንድ መስመር ናት፤ በፊደላችን ስትጻፍ "ሪቮክ ክሬት ኦን ስኪማ ፐብሊክ ፍሮም ፐብሊክ" ትላለች። በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ፐብሊክ የስኪማው ስም ነው፣ ሁለተኛው ፐብሊክ ደግሞ "ሕዝበ አዳም ሁሉ" ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው ቢገኝ አንድ ቡና ጋብዤ እወቅሰው ነበር። ስንት ጀማሪ ግራ ሲጋባበት አይቻለሁ።

ነባሪው አሠራር የተቀየረው በ15 ቨርዥን ነው፣ በጥቅምት 2022። ከ2018 እስከ 2022 አራት ዓመት ተኩል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አዲስ ዳታቤዝ የፈጠረ ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ነው የገባው። ከአምስት ኮከብ አንዱን የቀነስኩት በዚህ ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል፣ የድሮ አፕሊኬሽኖች እንዳይሰበሩ ብለው ነው። ግን ከተከፈተ በር ጋር የሚመጣ ቤት ላይ "በሩን መዝጋት የተከራዩ ኃላፊነት ነው" ብሎ መጻፍ ትንሽ ያስተዛዝባል።

ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ፣ ራሴም ወድቄበታለሁ። "ወደ 15 አሳድጌያለሁ፣ ተገላገልኩ" ብዬ ለወራት ተኝቻለሁ። አልተገላገልኩም። አዲሱ ደንብ የሚሠራው አዲስ ለሚፈጠር ዳታቤዝ ነው። ከ13 ወደ 15 ያሻገርከው ዳታቤዝ የድሮውን ፈቃድ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ማሻገሪያው ፒጂ አፕግሬድ ታማኝ ነው፣ ጥፋትህንም ሳያጎድል ያሻግርልሃል። ማየት ከፈለግህ ባክስላሽ ዲ ኤን ፕላስ በልና ከፐብሊክ ፊት ለፊት ያሉትን ፊደላት እይ። ስም ከማይቀድመው የእኩል ምልክት ቀጥሎ ዩ ብቻ ካለ ደህና ነው። ዩ እና ሲ ካሉ፣ ያቺ ሲ ክሬት ማለት ናት፣ በሩ ክፍት ነው። ይኸው ነው፣ አንዲት ፊደል።

የእኔ ሰዎች ዳታቤዝ 13 ላይ ስለነበረ ያቺ ሲ ቁጭ ብላለች። ዘጋናት። በማግስቱ ሪፖርት የሚያወጣው ድርጅት ደወለ። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፖስትግሬስን የሹመት መስረቂያ ቀዳዳዎች ለዓመታት ስከታተል አንድ ነገር ታየኝ። አብዛኞቹ አንድ ታሪክ ናቸው። ትንሹ ሰው በር ሰብሮ ወደ አለቃው ቤት አይገባም። አለቃው ራሱ ለሥራ ብሎ ወደ ትንሹ ሰው ቤት ይሄዳል፣ እዚያ የተዘጋጀለትን ይበላል። በፖስትግሬስ ውስጥ ደግሞ አለቃው ሰው ቤት መሄድ ይወዳል። ያጸዳል፣ ኢንዴክስ ያድሳል፣ ባክአፕ ይወስዳል። በየሄደበት ቤት የባለቤቱ ፋንክሽን አለ፤ ኢንዴክሱ በፋንክሽን ላይ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ቪው የሚባለው የተቀመጠ ጥያቄም ፋንክሽን ሊጠራ ይችላል። ያ ፋንክሽን በማን ሥልጣን ይነሳ? ጥያቄው ሁልጊዜ ይቺ ናት።

የፖስትግሬስ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፣ ለዚህም አጥር ሠርተዋል። ሱፐርዩዘሩ የሌላ ሰው ቴብል ላይ የጥገና ሥራ ሲሠራ ለጊዜው ሥልጣኑን አውልቆ የቴብሉን ባለቤት ልብስ ይለብሳል፣ አንዳንድ ነገር ማድረግም ይከለከላል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ ልብሱን የሚያወልቅበት ሰዓት ነው። በ2020 ሲቪኢ-2020-25695 ወጣ፤ ከአጥሩ የሚያሾልኩ በርካታ መንገዶች ተገኙ። በግንቦት 2022 ደግሞ ሲቪኢ-2022-1552፤ አውቶቫኪዩምን (የዳታቤዙ የራሱ ጽዳት) እና ሪኢንዴክስን (ኢንዴክስ ማደሻ) የመሳሰሉት ሥራዎች አጥሩን የሚያስነሱት ዘግይተው ነበር፣ ወይም ጭራሽ አያስነሱም ነበር። በ2024 የካቲት ሲቪኢ-2024-0985 መጣ፤ ማቴሪያላይዝድ ቪው (ውጤቱ የተቀመጠ ቪው) ኮንከረንትሊ፣ ማለት አንባቢውን ሳያግድ፣ ሲታደስ ሥልጣን የሚወልቀው ዘግይቶ ነበር። አየህ፣ ያው ታሪክ ነው። ቤቱ ይለያያል እንጂ ሁልጊዜ አለቃው ኮቱን ሳያወልቅ ነው የሚገባው።

ከእነዚህ ውስጥ የ2022ቱ ነው ያስፈራኝ፣ ምክንያቱም አውቶቫኪዩም አለ ውስጡ። አውቶቫኪዩም ማንም ሳይጠራው ራሱ የሚነሳ ነው። አለቃውን ማታለል እንኳን አያስፈልግም፣ ቴብልህን ትሠራለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ይመጣል። ፓቹን (ማረሚያውን) ወዲያው መጫን ለማይችሉ የተሰጠው ምክር "አውቶቫኪዩምን አጥፉት፣ እነዚያን ትዕዛዞች በእጅ አታስኪዱ፣ ከፒጂ ደምፕ ውጤትም አትመልሱ" የሚል ነበር፤ ያም አፈጻጸሙን ቶሎ ሊያበላሽ እንደሚችል እዚያው ላይ ጽፈዋል። መኪናህ ፍሬኑ ስላስፈራህ ሞተሩን አውልቀህ አስቀምጥ እንደማለት ነው። እኔ በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሌሊት ፓቹን ጭኜ ቤቴ ገባሁ።

ባክአፑም ከዚህ አያመልጥም። በነሐሴ 2024 ሲቪኢ-2024-7348 ወጣ። ፒጂ ደምፕ መጀመሪያ ዝርዝር ያወጣል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይገለብጣል። በሁለቱ መሃል ክፍተት አለ። ተንኮለኛው በዚያ ክፍተት ቴብሉን አንስቶ በቦታው በቪው ይተካዋል፣ ቪውው የእሱን ፋንክሽን ይጠራል፣ ፋንክሽኑ በባክአፑ ዩዘር ሥልጣን ይነሳል። ባክአፑን ደግሞ ማነው የሚያስኬደው? በብዙ ቤት ሱፐርዩዘሩ። ለጥንቃቄ ብለህ በየሌሊቱ የምትሠራው ነገር ራሱ በር ሆነ ማለት ነው። የተዘጋው በ16.4፣ በ15.8፣ በ14.13 እና በየመስመሩ በዚያው ቀን በወጡት ነው።

ከዚያ ወዲህ ባክአፕን በሱፐርዩዘር ማስኬድ ትቻለሁ። ከ14 ጀምሮ ፒጂ ሪድ ኦል ዳታ የሚባል የተዘጋጀ ሮል (ለዩዘር የሚሰጥ የፈቃድ ስብስብ) አለ። ሁሉን ያነባል፣ ምንም አይጽፍም። ለባክአፕ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እሱም ቢሰረቅ ሁሉ ይነበባል፣ ያ ራሱ ቀላል አይደለም፣ ግን ቢያንስ ሌባው ራሱን አይሾምም።

ክሬትሮል ስለሚባለው ዩዘር የመፍጠር ፈቃድ ብዙ ሰው አያውቅም። "ለኃላፊው ልጅ ዩዘር መፍጠር ብቻ እንስጠው፣ ሱፐርዩዘር አናድርገው" ይባላል። ብልህ ይመስላል። ከ16 በፊት ግን ይህ ፈቃድ ያለው ሰው ከሱፐርዩዘር ሮሎች በቀር ማንኛውም ሮል ውስጥ ራሱን ማስገባት ይችል ነበር። ከእነዚያ ሮሎች አንዱ ፒጂ ኤግዚኪዩት ሰርቨር ፕሮግራም ይባላል። ስሙ እንደሚለው ነው፤ ሰርቨሩ ላይ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትዕዛዝ ያስኬዳል፣ የዳታ ፋይሎቹ ሁሉ ባለቤት በሆነው አካውንት። ስለዚህ ዩዘር ፈጣሪው ልጅ በሁለት መስመር ማሽኑ ውስጥ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው አገር ላይ ይህን ፈቃድ እንደ ከረሜላ ማደል ምን ያህል ብልህነት እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። በ16፣ በመስከረም 2023፣ ተስተካከለ፤ አሁን ክሬትሮል ያለው ሰው ማዘዝ የሚችለው አድሚን መብት ባለው ሮል ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ነው "14 ይበቃኛል" ለሚለኝ ሰው ሁሉ ስለ ፍጥነት ትቼ ይህን የማወራው።

ስለ ኤክስቴንሽኖች፣ ስለ ተጨማሪ መለጠፊያዎቹ፣ ብዙ አልልም። በ2022 እና በ2023 ነሐሴ ላይ ሁለት ቀዳዳ ወጥቶባቸዋል። የማትጠቀምበትን አትጫን፣ ይበቃል።

አሁን ለእኛ አገር ሰው የሚገጥመውን ልንገራችሁ። ኦዱ የሚባለው የድርጅት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር እዚህ ብዙ ቦታ ገብቷል፣ የዚህ መሥሪያ ቤት አንዱ ሱፐርዩዘርም እሱ ነው። ኦዱ በራሱ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ፖስትግሬስ በሚባለው ዋና ዩዘር ልግባ ብትለው "ይህ የደኅንነት አደጋ ነው" ብሎ እንቢ ይላል። ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? ኦዱ የሚባል ዩዘር ይፈጥራሉ። ሲፈጥሩት ከየመማሪያው የገለበጧትን ያቺን ትንሽ ኤስ ይጨምሩባታል። ያቺ ኤስ ሱፐርዩዘር ማለት ናት። ስሙ ተቀየረ እንጂ ሥልጣኑ ያው ነው። ዘበኛው "አቶ እከሌ አይገቡም" ሲል ኮፍያ አድርጎ እንደመመለስ ያለ ነው። ኦዱ የሚያስፈልገው ዳታቤዝ መፍጠር መቻል ብቻ ነው፣ ለዚያ ክሬትዲቢ አለ። ኤሷን በዲ ቀይሩልኝ።

ከሌሎች ጋር ሳወዳድረው አድልዎ እንዳይመስልብኝ እንጂ ፖስትግሬስ አንድ የምወድለት ግትርነት አለው። በሩት፣ በማሽኑ ሙሉ ባለቤት አካውንት፣ ተነሳ ብትለው አይነሳም። ጭራሽ። ይህ ምን እንደሚጠቅም ለማወቅ የማይኤስኪውኤልን ሲቪኢ-2016-6662 ማስታወስ ነው። መስከረም 2016 ላይ ይፋ የሆነው ያ ቀዳዳ በሎግ መጻፊያው በኩል የኮንፊግ ፋይሉን እንድትበክል ያስችል ነበር፤ ሰርቨሩን የሚያስነሳው ማይኤስኪውኤልዲ ሴፍ የሚባለው ስክሪፕት ደግሞ በሩት ስለሚሠራ፣ በሚቀጥለው ሪስታርት የተበከለውን አንብቦ የሌባውን ላይብረሪ ይጭናል። ከዳታቤዝ ዩዘርነት እስከ ማሽኑ ባለቤትነት በአንድ ሪስታርት። "ሴፍ" መባሉ ነው የሚያስቀው። ፖስትግሬስ ውስጥ አለቃው ቢሰረቅ እንኳን ማሽኑ ላይ የሚገኘው ተራ አካውንት ነው። ዳታህ ሄዷል፣ ግን ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አልሄደም።

ሌላው የምወድለት አፕዴቱ ነው። ቀኑ ይታወቃል፤ በየካቲት፣ በግንቦት፣ በነሐሴና በኅዳር፣ በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ሐሙስ። ስልኬ ላይ አላርም አለኝ። ትንሹ ቨርዥን ሲወጣ ዳታ ማውጣትና መመለስ የለም፤ ፕሮግራሙን ትቀይራለህ፣ ሪስታርት ታደርጋለህ፣ ሁለት ደቂቃ። እያንዳንዱ ትልቅ ቨርዥን አምስት ዓመት ይታገዛል። 13 ኅዳር 2025 ላይ አበቃ፣ ስለዚህ 13 ላይ ያላችሁ ከእንግዲህ የሚወጣው ፓች ለእናንተ አይደለም።

ሁሌ አልጋ በአልጋ ነው እያልኩ አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 2024 የወጣው 17.1 ቀዳዳ ሲዘጋ ሌላ ነገር ሰበረ፤ ለዩዘር በነባሪነት የሚሰጥ ሮል መሥራት አቆመ፣ አንዳንድ ኤክስቴንሽኖችም ከአዲሱ ጋር አልግባባ አሉ። በሳምንቱ፣ ኅዳር 21፣ 17.2 ወጣ። ጥፋታቸውን አምነው በሰባት ቀን ማረማቸው ያስመሰግናል። ግን ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የወጣውን ሐሙስ አልጭንም፣ ሙከራ ማሽን ላይ ሰኞ ድረስ አቆየዋለሁ። ከሰኞ አሳልፌ ደግሞ አላዘገየውም።

በ17 ሌላ ነገር ገጥሞኛል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከ17 ጀምሮ የጥገና ትዕዛዞች ሲሠሩ ስም የሚፈለግበት መንገድ ይጠብባል፤ ፐብሊክንም ሌላውንም አያይም። በመጀመሪያው ታሪኬ ያየነውን ዓይነት የስም ማምታታት ከጥገና ሥራዎች ላይ የሚነቅል ለውጥ ነው። የእኔ አንድ ማቴሪያላይዝድ ቪው ግን ፋንክሽን ይጠራል፣ ፋንክሽኑ ደግሞ ሌላ ስኪማ ውስጥ ያለ ቴብል ስኪማውን ሳይጠራ በስሙ ብቻ ያነባል። ከማሻገሬ በፊት የለውጥ ማስታወሻውን አላነበብኩም። ሌሊት ላይ ማደሻው "እንዲህ የሚባል ቴብል የለም" እያለ ቆመ። ቴብሉን እያየሁት! አንድ ሰዓት ካፈጠጥኩበት በኋላ ነው የገባኝ። ፋንክሽኑ ላይ የራሱን የፍለጋ መንገድ ጻፍኩበት፣ ተነሳ። በዚያው ቨርዥን ሜንቴን የሚባል ፈቃድም መጥቷል። ቫኪዩምና ሪኢንዴክስ ለሚሠራ ሰው ይህን ብቻ ትሰጠዋለህ፣ ሱፐርዩዘር መሆን አያስፈልገውም። ስድስት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው።

ፋንክሽን ካነሳን፣ ሴኪዩሪቲ ዲፋይነር የሚባሉትን ተጠንቀቋቸው። እነዚህ በጠሪው ሳይሆን በባለቤታቸው ሥልጣን የሚሠሩ ናቸው፣ ማኅተም የተደረገበት ባዶ ወረቀት በሉት። ስጽፋቸው የፍለጋ መንገዱን እዚያው አስሬ ነው፣ ፒጂ ቴምፕ የሚባለውን ደግሞ መጨረሻ ላይ አድርጌ፣ አለበለዚያ ጠሪው በጊዜያዊ ስኪማው ውስጥ የራሱን ቴብል ያስቀድምብኛል። ደግሞ ማንኛውም አዲስ ፋንክሽን ሁሉም ሰው እንዲጠራው ተፈቅዶ ነው የሚወለደው። እሱን ነጥቄ ለሚገባው ብቻ እሰጣለሁ።

እዚያ መሥሪያ ቤት ያደረግነውም ይህንኑ ነው። ቴብሎቹን ሁሉ መግባት ለማይችል አንድ ሮል ሰጠናቸው፤ ባለቤት ነው፣ ፓስዎርድ የለውም፣ ማንም እሱን ሆኖ አይገባም። አፕሊኬሽኑ ማንበብና መጻፍ ብቻ ተሰጠው፣ ቴብል መቀየር ሌላ ዩዘር ነው፣ እሱም የሚሠራው አዲስ ኮድ ሲጫን ብቻ። የለቀቀው ልጅ አካውንት ተዘጋ። የሌሊቱ ጽዳት ከሱፐርዩዘር ወርዶ የራሱ ትንሽ ዩዘር ተሰጠው። ሦስት ሱፐርዩዘር የነበረው አንድ ሆነ፣ እሱም ከማሽኑ ውጭ መግባት አይችልም። ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ ምሳ ጨምሮ።

ኮከብ ካስፈለገ ከአምስት አራት። ሰነዱ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል፣ እውነት ነው፣ አንድም የደበቁት የለም። ግን የሚያስፈራው ነገር የተጻፈው ከገጹ ወገብ በታች፣ በማስታወሻ መልክ፣ በጣም በጨዋ ቋንቋ ነው። "ይህን ካላደረግህ ትዘረፋለህ" የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ወደዚያ ስልክ ልመለስ። ሪፖርት የሚያወጣው ድርጅት ልጅ ነው የደወለው። "ወንድሜ፣ ሪፖርቱ ቆመ፣ ፐርሚሽን ዲናይድ ይለኛል" አለ። ለካ ማንበብ ብቻ የተባለው ልጅ በየጊዜው ፐብሊክ ውስጥ የራሱን መሸጋገሪያ ቴብሎች ይፈጥር ኖሯል። ተንኮል የለበትም፣ ሥራው ነው። "ድሮ ይሠራ ነበር እኮ" አለኝ። የራሱን ስኪማ ፈጠርኩለት፣ እዚያ እንደፈለገው ይሁን።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ግን ከጎኔ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስልኩን ስዘጋ "እሱ ያላሰበውን ሌላ ሰው አስቦ ቢሆንስ? በእነዚህ ዓመታት ማን ምን እንዳደረገ ይታያል?" አሉኝ። የትኞቹ ትዕዛዞች እንደሚመዘገቡ የምትወስነውን፣ ሎግ ስቴትመንት የምትባለዋን ቅንብር ከፈትኩ። ነን (ምንም) ትላለች፣ ሲጫን እንደመጣች። የመፍጠርና የመቀየር ትዕዛዞችን ወደሚመዘግበው ዲዲኤል ቀየርኳት። ከዛሬ ጀምሮ ፋንክሽን የሚፈጥርና በቀጥታ ሮል የሚቀይር ሁሉ ይመዘገባል አልኳቸው።

"ከዛሬ በፊት ያለውስ?" አሉ።

ላፕቶፔን ወደ ቦርሳዬ እየከተትኩ ነበር።